ከሰማይ የመጡ እንግዶችን በስልክ እንዴት እንቀርጻለን?

ጅማ ክረምት ሲገባ ዝናቡ ልጆቹን ቤት ይዘጋባቸዋል። ስልኩን ለጌም ከምትሰጧቸው አብራችሁ አጭር ኮሜዲ ቅረጹበት።

ታሪኩ ቀላል ይሁን፦ ለእረፍት አክስታቸው ቤት የመጡ ልጆች ጓሮ ካለው ቡና ሥር ከሌላ ፕላኔት የመጡ ፍጡራን ያገኛሉ፣ ትልልቆቹ ግን ቡና ላይ ስለሆኑ የሚሰማቸው የለም። ቀልዱ ያለው እዚህ ጋ ነው። ልጁ እየጮኸ «እማዬ፣ እንግዳ መጣ!» ሲል እናት ዞር እንኳን ሳትል «ግባ በለው፣ ቶናው ሊቀዳ ነው» ትበል። በረካው ላይ ፍጡሩ ስኒ ይዞ ተቀምጦ ይታይ።

ለልብስ ብር አታውጡ፤ ማዳበሪያ ከረጢትና ወንፊት ይበቃል። የጅማ በርጩማ ሲገለበጥ የጠፈር መንኮራኩር ነው (የአያት ከሆነ አስፈቅዱ)።

ስልኩን አግድም ያዙ። ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ንግግር ስለማይሰማ ወሬ ያለበትን ሲያባራ፣ ሩጫውን በዝናቡ ቅረጹ። መብራት ከጠፋማ እሰየው፣ ባትሪውን በአረንጓዴ ፌስታል ሸፍናችሁ አብሩት። ሰማዩ ሲገለጥ ደግሞ ጅሬን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወዳለበት ኮረብታ ውጡና የመሰናበቻውን እዚያ ጨርሱ።