ቪም ውስጥ ፔስት ያደረጋችሁት ሲበላሽ፦ ችግርና መፍትሄ

ቪም ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ውስጥ የሚሠራ የጽሑፍ ማረሚያ ነው። ተርሚናል ላይ ፔስት ማድረጊያው ኮንትሮል ሺፍት ቪ ወይም ሺፍት ኢንሰርት፣ ፑቲ (ከዊንዶውስ ወደ ሰርቨር መግቢያ ፕሮግራም) ላይ ደግሞ ቀኝ ክሊክ እንደሆነ ታውቃላችሁ ብዬ ልለፍ። ይህ ጽሑፍ ፔስቱ ገብቶ፣ ግን ተበላሽቶ ለገባባቸው ነው።

ጽሑፉ ደረጃ እየሠራ ወደ ቀኝ ይሸሻል

ይህን ስክሪንሾት ስንት ጊዜ እንደተላከልኝ ቆጥሬ አልጨርሰውም። የመጀመሪያው መስመር ልክ ነው፤ ሁለተኛው ገባ ይላል፤ ሦስተኛው ይብስበታል፤ ከአሥር መስመር በኋላ ጽሑፉ ከስክሪኑ ወጥቷል። «ፋይሉ ተበላሽቷል፣ እንደገና ላክልኝ» ይሉኛል። ፋይሉ ምንም አልሆነም።

አሮጌ ቪም ፔስት የሚባል ነገር አያውቅም። ተርሚናሉ ፊደል በፊደል ስለሚልክለት፣ እናንተ በጣም ፈጥናችሁ የምትተይቡ ነው የሚመስለው። አውቶኢንደንት በርቶ ከሆነ በየኢንተሩ ያለፈውን መስመር ክፍት ቦታ ራሱ ይደግማል። ኮፒ ያደረጋችሁት መስመር ደግሞ የራሱን ስፔስ ይዞ ይመጣል። አራት ላይ አራት፣ ስምንት፤ ቀጣዩ ስምንቱን ወርሶ የራሱን አራት ይደርባል፣ 12። እንዲህ እያለ ይቀጥላል።

መፍትሄው፦ ኢስኬፕ፣ ኮሎን፣ «ሴት ፔስት»፣ ኢንተር። ከዚያ የአይን ፊደል (i) ተጭናችሁ መጻፊያው ኢንሰርት ሞድ ግቡ። ከታች ኢንሰርት ከሚለው ቀጥሎ በቅንፍ ፔስት የሚል ካላያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። ስትጨርሱ «ሴት ኖፔስት»። ይቺን የመጨረሻዋን ሁሉም ይረሳታል። እኔ ራሴ አንድ ማታ ሙሉ «አውቶኢንደንት ሞተብኝ፣ ማፒንጎቼ (አቋራጭ ቁልፎቼ) ጠፉ» ብዬ ፕለጊን ሳራግፍ አድሬ፣ ጠዋት ላይ ከታች ያለችውን ቅንፍ አየኋት።

ደረጃው ከተሠራ በኋላ ስፔስ በእጅ አትልቀሙ። ዩ ብላችሁ መልሱና እንደገና አስገቡ። በተለይ ያሜል (በስፔስ ተደርድሮ የሚጻፍ የማስተካከያ ፋይል) ከሆነ ስፔሱ ራሱ ትርጉም አለውና በግምት የሚስተካከል አይደለም። የሰርቨሩን ኔትወርክ የሚወስነው የኔትፕላን ፋይል ከሆነና ሰርቨሩ ያለው ሌላ ከተማ ከሆነ ደግሞ፣ ከተሳሳታችሁ ኔትወርኩ ተቆርጦ መግቢያ ታጣላችሁና «ኔትፕላን አፕላይ» አትበሉ፤ «ኔትፕላን ትራይ» በሉ። በ120 ሰከንድ ውስጥ ኢንተር ካልመታችሁ የድሮውን ይመልስላችኋል። ይህን ባለማድረግ ሌሊት መኪና ያስነሳ ሰው አውቃለሁ።

በአዲሶቹ ቪሞች ይህ ጣጣ በአብዛኛው ቀርቷል፤ ተርሚናሉ የፔስቱን መነሻና መድረሻ በምልክት ይነግራቸዋል፣ ብራኬትድ ፔስት ይባላል። ግን ሴንቶስ 7 (የቆየ የሰርቨር ሊኑክስ) ላይ ያለው ቪም 7.4 ነው። የሴንቶስ 7 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 2024 አብቅቷል፤ ሰርቨሮቹ ግን ዛሬም አሉ፣ የምጠራውም ለእነሱ ነው።

መጀመሪያው ተቆርጦ ይገባል፣ ወይም ምንም አይገባም

ኖርማል ሞድ ላይ ሆናችሁ ለጥፋችኋል። እዚያ እያንዳንዱ ፊደል ትእዛዝ ነው። የኤንጂንኤክስ (የዌብ ሰርቨር ፕሮግራም) ኮንፊግ «ሰርቨር» ብሎ ይጀምራል እንበል፤ ኤስ ማለት ለቪም «ከርሰሩ ያለበትን ፊደል ሰርዝና ኢንሰርት ግባ» ነው። ስለዚህ ኤሷ ትጠፋለች፣ ከነባሩ ፋይልም አንድ ፊደል ይዛ ትሄዳለች፣ የቀረው ቁጭ ብሎ ይጻፋል። ስትሮጡ አታዩትም።

ከዚህ የከፋው ክሮንታብ (ሥራዎች በየሰዓታቸው ራሳቸው እንዲነሱ የሚጻፍበት ዝርዝር) ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ልጁ የባክአፑን መስመር ለጠፈ፦ 0 2 * * * ብሎ ከስላሽ የሚጀምር የስክሪፕት አድራሻ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት እንዲሠራ ነው። ዜሮዋ ከርሰሩን ወደ መስመሩ መጀመሪያ ወሰደችው። ስፔሶቹ ወደ ቀኝ ገፉት። ኮከቦቹ ቃል ፈለጉ። ስላሹ ደግሞ ሌላ ፍለጋ ከፈተ፣ አድራሻው በሙሉ እዚያ ውስጥ ገባ፣ ኢንተር ሲመጣ ፍለጋው አለቀ። ፋይሉ ላይ አንዲት ፊደል አልተጻፈችም። ልጁ ሴቭ አድርጎ ወጣ። ባክአፕ እንደሌለ የታወቀው ዲስኩ የሞተ ቀን ነው።

መጀመሪያ አይ፣ ከዚያ ፔስት። ከተሳሳታችሁ ሴቭ ሳታደርጉ በኮሎን፣ ኪው፣ ቃለ አጋኖ ውጡ። ክሮንታብ ከሆነ ደግሞ ከወጣችሁ በኋላ «ክሮንታብ ማይነስ ኤል» ብላችሁ በዓይናችሁ እዩት። እዩት!

ሌሎች

ከአንድ # በኋላ ያለው መስመር ሁሉ ኮሜንት (ማሽኑ የማያነበው ማስታወሻ) ከሆነ፣ ያው የመጀመሪያው በሽታ ነው፤ «ሴት ፔስት»።

በማውስ ስትመርጡ ቪዥዋል ሞድ (የቪም የራሱ መምረጫ) ከገባ፣ ሺፍት ይዛችሁ ምረጡ።

ኮንትሮል ኤስ ነክታችሁ ስክሪኑ ቀጥ ካለ፣ ኮንትሮል ኪው። ተርሚናሉን አትዝጉት።

የኤስኤስኤች (የሰርቨር መግቢያ) ቁልፍ ናኖ በሚባለው ሌላ ማረሚያ ላይ ተቆራርጦ ከገባ፣ ናኖው ከ4.0 በፊት ያለ ነው፤ «ናኖ ማይነስ ደብሊው» ብላችሁ ክፈቱት።

ጽሑፉ ልክ ይመስላል፣ ግን ኤረር ይሰጣል

ትእዛዙ በቴሌግራም ወይም በዎርድ አልፎ መጥቷል። ቴሌግራም ዴስክቶፕ ሁለት ሰረዝ ስትጽፉ አንድ ረጅም ሰረዝ ያደርጋቸዋል፤ ዎርድ ጥቅሱን ያጎብጠዋል። የአማርኛ ኪቦርድ ሳይጠፋ የተጻፈ ከሆነ ደግሞ በሴሚኮለን ፋንታ ድርብ ሰረዝ (፤) ተቀምጦ ታገኛላችሁ። በዓይን መከራከር ትርፍ የለውም። ቪም ውስጥ ከርሰሩን የጠረጠራችሁት ምልክት ላይ አድርጋችሁ ጂ ከዚያ ኤ ተጫኑ፤ ቁጥሩን ከታች ይነግራችኋል። ትክክለኛው ሰረዝ 45 ነው፣ ረጅሙ 8212። ሴሚኮለን 59፣ የእኛው ድርብ ሰረዝ 4964። ለእኔ ኮንፊግ የምትልኩ፣ ፋይሉን ራሱን አያይዙ።