«ተያዘ» የሚል ዜና ሲመጣ፦ ለማታ ፈረቃ ልጆች

የአንድ ታጣቂ ቡድን ፕሮፓጋንዲስት ድንበር ላይ ተያዘ የሚል ወሬ ድሬዳዋ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ከበርጫ በኋላ ነው። ፀሐይ በረድ ስትል ስልኩ መጮህ ይጀምራል። «አቦ፣ አልሰማችሁም እንዴ? ያ ሰውዬ እኮ ተበላ!» ይላል አንዱ። ማን? የት? በማን? ስትሉት «ቴሌግራም ላይ ወጥቷል» ብሎ ይዘጋል። እኔ የአማርኛውን የማታ የሬዲዮ ዜና አሰናዳለሁ፤ ከጎኔ የኦሮምኛና የሶማሊኛ ዴስኮች አሉ፤ ሦስታችንም አንድ ቬንትሌተር ሥር ነን። እንዲህ ያለው ዜና እንዴት እንደሚሠራ አዲስ ለምትገቡት ልንገራችሁ። የማነሣቸው ዓመታት፣ ከአዋጆቹ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኪቦርድ ከመንካታችሁ በፊት ወረቀት ያዙ። ከላይ የሚጻፈው «ያዝኩ ያለው ማን ነው?» የሚለው ነው። የየትኛው አገር መንግሥት? ወታደሩ ነው ደኅንነቱ? ከሥሩ «ቡድኑስ ምን አለ?» የሚል ቦታ ተዉ፤ ባዶ ሆኖ ቢያድርም ይደር። ድንበር ላይ ሲሆን ይህ እጥፍ ይከብዳል፤ የተያዘበት ቦታ ራሱ የጠብ ምክንያት ነውና። ጃንዋሪ 2007 የያኔው የአፍጋኒስታን መንግሥት ደኅንነት መሐመድ ሐኒፍ የሚባለውን የታሊባን ቃል አቀባይ ቶርክሃም ላይ፣ ከፓኪስታን ሲገባ ያዝኩት አለ። ሰውየው ወዲያው በቪዲዮ ቀርቦ የታሊባን መሪ ሙላ ዑመር ፓኪስታን፣ ክዌታ ውስጥ በፓኪስታን የስለላ ድርጅት ጥበቃ ሥር ነው ብሎ ተናገረ። ፓኪስታን አስተባበለች። እንግዲህ «ቶርክሃም ላይ ተያዘ» የምትለዋ አጭር ዐረፍተ ነገር በሁለት መንግሥታት መካከል ቆማለች ማለት ነው። «አፍጋኒስታን እንዳለችው» የምትለውን ቆርጦ የሚጥል አዘጋጅ ሳያውቀው ወገን ይዟል።

እንዲህ ያለው ሰው ድንበር ላይ ምን ይሠራል ብላችሁ አትገረሙ። ሥራው በስልክ ነው። ኔትወርክ ያለበት፣ ጋዜጠኛ ደውሎ የሚያገኘው፣ ሲጠብበትም መሻገሪያ ያለው ቦታ ይፈልጋል። ቶርክሃም ከፓኪስታኗ ፔሻዋር ወደ አፍጋኒስታኗ ጃላላባድ በኻይበር መተላለፊያ የሚያልፈው መንገድ ላይ ነው፤ መኪናው፣ ተሸካሚው፣ ነጋዴው ሁሉ እዚያ ይርመሰመሳል። ድንበር ላይ ካለችው ቶጎጫሌ ልብስ ያመጣ የእኛ የአሸዋ ገበያ ነጋዴ ይህን ለማስረዳት አያስቸግርም፤ ሁለት ሲም ይዞ የሚዞር ሰው እዚያ ማንንም አያስደንቅም።

ስሙ ላይ ቆም በሉ። ቃል አቀባይ በእናት አባቱ ስም አይሠራም። ሐኒፍ የተባለው ሰው ትክክለኛ ስሙ አብዱልሐቅ ሐቂቅ ነው ተብሏል። ሁለቱንም ጻፉ፤ የትኛው የሥራ ስም እንደሆነ፣ ትክክለኛውን ስም ደግሞ ማን እንደተናገረ ይግባ። ፎቶ ከፌስቡክ አታውርዱ፤ ሬዲዮው ባያሳየውም ገጻችን ያሳየዋል። መጋላ መሐል ቆማችሁ «አብዲ መሐመድ!» ብላችሁ ብትጣሩ ስንት ሰው ዞር እንደሚል ታውቃላችሁ። ስሙ የገጠመ የሳቢያን ሰፈር ልጅ በነጋታው ባጃጁን ይዞ መውጣት የሚያስፈራው በእኛ ዜና መሆን የለበትም። ጎሳ ደግሞ ጭራሽ አይጻፍም። የሶማሊኛ ዴስክ ባልደረባዬ በዚህ ላይ ቀልድ አያውቅም፤ ሞቃዲሾ ያለ ጣቢያ ቢጠቅሰው እንኳ እርሱ ዘሎት ያልፋል። ልክ ነው።

ቀጥሎ ሥራው ምን ነበር? «ፕሮፓጋንዲስት» ብሎ መዝጋት ስንፍና ነው። መግለጫ ያነብ ነበር? ቪዲዮ ይቆርጥ ነበር? ወጣት ይመለምል ነበር? ወይስ ከዚያ የከፋ? ለእኛ ቅርብ የሆነውን ሐሰን ሐናፊን ውሰዱ። ጋዜጠኛ የነበረ፣ በኋላ የአልሸባብ የሚዲያ ሰው የሆነ ነው። 2014 ኬንያ ውስጥ ተያዘ፤ ለሶማሊያ ተላልፎ ተሰጠ፤ ወታደራዊ ፍርድ ቤት በጋዜጠኞች ግድያ እጁ አለበት ብሎ ፈረደበት፤ ኤፕሪል 2016 ሞቃዲሾ ውስጥ በጥይት ተደብድቦ ተገደለ። ይህን ሰው «ተናጋሪ» ብቻ ብትሉት የሞቱትን ባልደረቦቻችንን ቀበራችሁ ማለት ነው። በሌላ በኩል መግለጫ ከማንበብ ያለፈ ነገር ያልተባለበትን ሰው «ገዳይ» አትበሉት። ክሱ ምን እንደሚል እስኪወጣ ጠብቁ።

አገር ቤት የተያዘ ሰው ከሆነ ደግሞ ሕገ መንግሥቱ ጠረጴዛችሁ ላይ ይሁን። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚወስደው የጉዞ ጊዜ ግን አይቆጠርም። ከጠረፍ ለተያዘ ሰው ይህች የጉዞ ነገር ቀላል አይደለችም፤ ስለዚህ የተያዘበትን ቀን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱንም ጠይቁ። አንቀጽ 20 ደግሞ እስኪፈረድበት ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት ይሰጠዋል። «ተጠርጣሪ» የምንለው ለዚህ ነው፤ ሰውየውን ስለወደድነው አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ወጥመድ። የዚህ ሰው መሣሪያው ድምፁ ነው። ተይዞም ድምፁን ካሰማችሁለት ሥራውን ቀጠለ ማለት ነው፣ ያውም በእኛ አንቴና። የድሮ ንግግሩን ቆርጦ «ማሳመሪያ» ብሎ የሚያስገባ ቴክኒሽያን አይጠፋም፤ አስወጡት። የተናገረው ነገር ለዜናው ግድ ከሆነ በአንድ ዐረፍተ ነገር፣ በራሳችሁ አፍ፣ ሳታጋንኑ ተርኩት። እስር ቤት ሆኖ የሚሰጠው የኑዛዜ ቪዲዮም ያው ነው። ማን ቀረጸው? ከካሜራው ኋላ ማን ቆሟል? «ባለሥልጣናቱ ባሠራጩት ቪዲዮ እንዲህ ሲል ይታያል» ብላችሁ እለፉ፤ ድምፁ አይገባም። የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ጽሑፍን ብቻ ሳይሆን ድምፅንም ቪዲዮንም ይመለከታል። ለዜና ዘገባ የተተወ ቦታ አለው፤ ያንን ቦታ ግን እንደ ጃንጥላ ዘርግቶ ሁሉን ከሥሩ ማስገባት አይገባም።

የጥቆማ ሽልማትን በተመለከተ፣ አሜሪካ በተፈላጊ ሰው ራስ ላይ የምታስቀምጠው ገንዘብ ሁልጊዜ «እስከ» አለው። 2012 ላይ የአልሸባብ ቃል አቀባይ ስለነበረው ሙክታር ሮቦው መረጃ ለሚሰጥ የተባለው እስከ 5 ሚሊዮን ዶላር ነው። «እስከ»ን ጥላችሁ «5 ሚሊዮን ዶላር የተቆረጠለት» ካላችሁ፣ ነገ «ማን በላው?» የሚል ስልክ እናንተው ትመልሳላችሁ።

ረቂቁን እንዲህ አድርጉት፤ የቶርክሃሙን ዜና ዛሬ እንደመጣ ቁጠሩት፦

«የአፍጋኒስታን የደኅንነት መሥሪያ ቤት፣ መሐመድ ሐኒፍ በሚል ስም የታሊባንን መግለጫ ለጋዜጠኞች ይሰጥ ነበር ያለውን ግለሰብ፣ ከፓኪስታን ጋር በምትዋሰነው ቶርክሃም መያዙን አስታወቀ።»

በዚህች ውስጥ ማን እንደተናገረ፣ የተባለው ምን እንደሆነ፣ ቦታው የት እንደሆነ አለ። «ታዋቂው»፣ «ቀንደኛው»፣ «በቁጥጥር ሥር በማዋል ከፍተኛ ጀብዱ» የሚለው ግን የለም። ጀብዱው የያዘው ክፍል መግለጫ ውስጥ ይቀመጥ። ከዚያ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ትንፋሽ ካጠራችሁ ለሁለት ክፈሉት። ሦስቱ ዴስኮች ስሙን አንድ ዓይነት አድርገው ካላነበቡ ደግሞ አድማጭ ሦስት ሰው የተያዘ ይመስለዋል። አባት ኦሮምኛውን፣ ልጅ አማርኛውን፣ አያት ሶማሊኛውን የሚሰማበት ቤት እዚህ ብርቅ አይደለም።

ሞተ የተባለ እንደሆነ ደግሞ ከተያዘው በላይ ታገሡ። አሜሪካዊው የአልሸባብ አፍ ዑመር ሐማሚ 2011 ላይ ተገደለ ተብሎ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ዘፈን አወጣ። የሞተው 2013 ነው።

ብዙዎች ችላ የሚሉት ክትትሉን ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ የሚጥመኝ እሱ ነው። መዝገብ ያዙ። ኦክቶበር 2005 የታሊባኑ ቃል አቀባይ ለጢፉላህ ሐኪሚ ፓኪስታን ውስጥ ተያዘ፤ ቡድኑ በፈንታው ሁለት ሰው ሾመ፤ አንዱ ያው ቶርክሃም ላይ የተያዘው ሐኒፍ ነው። እሱ ሲያዝ ዛቢሁላህ ሙጃሂድ የሚባል ስም መጣ። ለዓመታት ድምፁ እንጂ ፊቱ አልታየም፤ አንድ ሰው አይደለም፣ ብዙ ናቸው የሚሉም ነበሩ። ኦገስት 2021 ካቡል ውስጥ ጋዜጠኞች ፊት ተቀመጠ። ስለዚህ «የቡድኑ አፍ ተዘጋ» የሚል ርዕስ ያመጣብኝን ልጅ ይህን ገጽ ገልጬ አስነብበዋለሁ።

የፓኪስታን ታሊባን ቃል አቀባይ የነበረው ኢህሳኑላህ ኢህሳን ደግሞ 2017 እጁን ሰጠ ተባለ፤ 2020 መጀመሪያ ላይ አመለጠ፣ ማምለጡንም ራሱ በድምፅ ቅጂ አስታወቀ። ሮቦውስ? አሜሪካ ከዝርዝሩ ያወጣችው 2017 ነው፤ በዚያው ዓመት ለመንግሥት እጁን ሰጠ፤ 2018 ለሶማሊያው ደቡብ ምዕራብ ክልል ፕሬዚዳንትነት ሊወዳደር ሲል ባይዶዋ ላይ ታሰረ፤ 2022 የሃይማኖት ጉዳዮች ሚኒስትር ሆነ! ሐናፊ በጥይት፣ ሮቦው በወንበር። ዜናውን በሠራችሁበት ቀን መዝገቡ ላይ ስሙን፣ ያዝኩ ያለውን ክፍል፣ የተያዘበትን ሰዓት፣ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ጻፉ፤ ፈረቃ ስትቀያየሩም ለተረኛው በቃል አትንገሩት፣ ገጹን አሳዩት።

የመጨረሻው የስልክ ነገር ነው። ዜናው ከተነበበ በኋላ «ሰውየውን አውቀዋለሁ፣ ገንደ ቆሬ ተከራይቶ ነበር» የሚል መደወሉ አይቀርም። በቀጥታ ስርጭት አታስገቡት። የሚያውቀው ነገር ካለ ለፖሊስ እንዲናገር ንገሩት፤ የነገራችሁን የሰፈር ስምና የአከራይ ስም ለዴስኩ አታካፍሉ። እናት ወይም እህት ነኝ የምትል ከደወለች ደግሞ ድምፅ አትቅረጹ፤ የምናውቀው ያነበብነውን ብቻ እንደሆነ ንገሯትና፣ የተያዘው አገር ቤት ከሆነ ጠበቃ የማቆም መብት እንዳለው አስረዷት።