ሕጉ ቆሻሻዎን ይመዝነዋል፦ ቴክሳስ ውስጥ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዳላስና ጋርላንድ አካባቢ ከምንኖር ኢትዮጵያውያን ብዙዎቻችን ቤት እናድሳለን፣ ምግብ ቤት እንከፍታለን፣ ጭነት እናመላልሳለን። ከሥራው ጋር ቆሻሻው ይመጣል። ዕድር ላይ ወይም ከቅዳሴ በኋላ ስንገናኝ ስለ አጣጣሉ የምሰማው ወሬ ግን በአመዛኙ የተሳሳተ ነው፤ ስህተቱም ሰውን እስር ቤት የሚያስገባ ዓይነት ነው። የቴክሳስን የጤናና ደኅንነት ሕግ አንቀጽ 365.012 ይዤ ደጋግሜ የሰማኋቸውን ላንሣ።

«ቢበዛ የገንዘብ ቅጣት ነው» ማለት

ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። ቴክሳስ ቅጣቱን የሚወስነው በቆሻሻው ክብደት ወይም በሚይዘው ቦታ ነው። እስከ 5 ፓውንድ፣ ማለትም ከሁለት ኪሎ ትንሽ የሚበልጥ ቆሻሻ፣ እስከ 500 ዶላር ብቻ ያስቀጣል። ከዚያ አልፎ 500 ፓውንድ ካልደረሰ እስከ 180 ቀን እስራትና እስከ 2,000 ዶላር ሊያስከትል ይችላል። አንድ አሮጌ ሶፋ መንገድ ዳር ጥሎ መሄድ እዚህ ውስጥ ይወድቃል። ከ500 እስከ 1,000 ፓውንድ ከሆነ እስራቱ እስከ አንድ ዓመት፣ ገንዘቡ እስከ 4,000 ዶላር ነው። 1,000 ፓውንድና ከዚያ በላይ ሲሆን ጉዳዩ ፌሎኒ የምንለው ከባድ ወንጀል ይሆናል፤ ከ180 ቀን እስከ 2 ዓመት እስራትና እስከ 10,000 ዶላር።

ለንግድ ሥራ የተጣለ ከሆነ ደግሞ ወደ ከባድ ወንጀል የሚያደርሰው ክብደት ወደ 200 ፓውንድ ይወርዳል። የቤት ጣሪያ የሚቀይሩ ወንድሞቼ ይህን ልብ እንዲሉልኝ እፈልጋለሁ። መቶ ስኩዌር ፊት ጣሪያ የሚሸፍን የአስፋልት ሽንግል ብቻውን 200 ፓውንድ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይመዝናል። የአንድ ሙሉ ቤት ጣሪያ ደግሞ ስንት እጥፍ እንደሚሆን ያስቡት። ክብደቱ ምንም ይሁን ምን፣ በተዘጋ በርሜል ውስጥ ያለ ቆሻሻ መጣልም ከባድ ወንጀል ነው። የተቃጠለ ዘይት በበርሜል የሚያጠራቅሙ ጋራዦች ይጠንቀቁ።

ከመካከላችን ገና የመኖሪያ ፈቃድ ወይም የዜግነት ጉዳይ ያለባቸው አሉ። የዜግነት ማመልከቻው ስለ እስርና ስለ ጥፋተኝነት ይጠይቃል። ጥቂት መቶ ዶላር ለማትረፍ ተብሎ የዓመታት ልፋት አደጋ ላይ ሲወድቅ ማየት ያንገበግበኛል።

የሌላ ሰው ኮንቴይነር ውስጥ መጣል

«ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ነው እኮ የጣልኩት» የሚል መከራከሪያ አይሠራም። ሕጉ ያለ ፈቃድ በሌላ ሰው የቆሻሻ ኮንቴይነር ውስጥ መጣልንም በግልጽ ጥፋት ብሎታል። የጎረቤት ሱቅ ወይም የአፓርታማ ግቢ ኮንቴይነር ባለቤቱ ሳይፈቅድ የእርስዎ አይደለም።

ለርካሽ ጫኝ ከፍሎ መርሳት

አንድ ሰው ፒክአፕ ይዞ ይመጣል፣ ከሌሎች በግማሽ ዋጋ ይጭናል፣ የት እንደሚወስደው አይጠየቅም። ሕጉ የሚጥለውን ብቻ ሳይሆን እንዲጣል የሚፈቅደውን፣ ለመጣል የሚያጓጉዘውን፣ ባልተፈቀደ ቦታ የሚቀበለውንም ያካትታል። ወንዝ ዳር ክምር ሲገኝ መርማሪ መጀመሪያ የሚፈልገው ስምና አድራሻ ያለበት ፖስታ ነው፤ በዚያ ክምር ውስጥ ያለው ፖስታ የእርስዎ እንጂ የጫኙ አይደለም። ከተሞችና ካውንቲዎችም ለክስ ያበቃ ጥቆማ ለሰጠ ሰው 50 ዶላር ሊሸልሙ እንደሚችሉ ሕጉ ይፈቅዳል።

ስለዚህ ሙሉውን ክፍያ ከመስጠትዎ በፊት የማስወገጃ ጣቢያውን ደረሰኝ ይጠይቁ። ሚዛኑ፣ ቀኑና የጣቢያው ስም ይኑርበት። ደረሰኝ የለኝም የሚል ጫኝ የት እንደጣለው ነግሮዎታል።

«መሬቱ የራሴ ነው» ብሎ መተማመን

ከከተማ ወጣ ብለው መሬት የገዙ ወገኖች ብዙ ናቸው። ጉድጓዱን በነጻ እንሙላልዎ የሚል ሰው ሲመጣ ደስ ይላቸዋል። የሚመጣው ግን የፈረሰ ቤት ፍርስራሽ ሊሆን ይችላል፤ መሬቱ የእርስዎ መሆኑ ቆሻሻ ተቀብለዋል ከሚል ክስ አያድንዎትም። ሕጉ የሚተወው ከራስዎ መሬት ወጥቶ በራስዎ መሬት ላይ የተጣለ፣ ከንግድ ሥራ ጋር ያልተያያዘ ቆሻሻን ነው። ማቃጠልም መፍትሔ አይደለም፤ ጎማ፣ ፕላስቲክና በኬሚካል የታከመ እንጨት ማቃጠል ክልክል ነው።

ትንሿን የቅጣት ወረቀት ከፍሎ መገላገል

ከ5 ፓውንድ በታች ለሆነው ቅጣት ወረቀት ሲደርስ ብዙ ሰው በፍጥነት ከፍሎ ይረሳዋል። ቴክሳስ ውስጥ እንዲህ ያለውን ቅጣት ዝም ብሎ መክፈል ጥፋተኛ ተብሎ እንደመፈረድ ይቆጠራል። ከዚህ ቀደም ጥፋተኛ የተባለ ሰው እንደገና ቢያጠፋ ቅጣቱ አንድ ደረጃ ከፍ ይላል። ጥፋተኛ ሲባል ፍርድ ቤቱ ራሱ በጽሑፍ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያም አለ፦ ከተደገመ የተጫነበት መኪና ሊወረስ ይችላል። ፒክአፑ እንጀራው ለሆነ ሰው ይህ ከማንኛውም ገንዘብ ይከብዳል። ወረቀቱ እጅዎ እንደገባ፣ ከመክፈልዎ በፊት፣ ጠበቃ ያነጋግሩ፤ የዜግነት ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ካለብዎት ደግሞ የኢሚግሬሽን ጠበቃም ይጨምሩ።