የማሠልጠኛ ሶፍትዌር ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ይቺን ሞክሩ

ኤአይ ያለው የሠራተኛ ማሠልጠኛ ሶፍትዌር ስትመርጡ ሻጩ ባዘጋጀው ማሳያ አትወስኑ። እሱማ መቼም ያምራል። የራሳችሁን የአማርኛ መመሪያ ጫኑበትና መመሪያው ውስጥ የሌለ ነገር ጠይቁት። ለምሳሌ ስለ ወሊድ ፈቃድ ምንም ካልተጻፈ፣ እሱኑ። «ሰነዱ ላይ የለም» ካለ ጎሽ ነው። አፉን ሞልቶ «ከወሊድ በኋላ 60 ቀን» ካለ ግን እንዳትፈርሙ፤ የድሮውን ሕግ ነው የሚያወራው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወደ 90 ቀን ከፍ ብሏል። አዲስ ሠራተኛ ይህን ከየት ያውቃል? የተባለውን ይዞ ይሄዳል።

ደግሞ ኮርሶቹ በስኮርም (SCORM፣ ብዙ የማሠልጠኛ ሶፍትዌሮች የሚያነቡት የጋራ የኮርስ ፎርማት) መውጣት ይችሉ እንደሆነ በጽሑፍ አስመልሱ። ነገ ዋጋ ቢቆልሉባችሁ ኮርሶቻችሁን ይዛችሁ ሙድል (Moodle) ወደሚባለው ነጻ የማሠልጠኛ ሶፍትዌር መዛወር ትችላላችሁ።