በጉም ምሽት የጦርነት መታሰቢያ ሐውልት ለምትጎበኙ
ጉም በወረደበት ምሽት የጦርነት መታሰቢያ ሐውልት ጋ ከሄዳችሁ ባትሪያችሁን ፊት ለፊት አታብሩ። ብርሃኑ የጉሙን ጠብታዎች መትቶ ወደ ዓይናችሁ ይመለሳል። ነጭ ነገር ብቻ ነው የሚታያችሁ። ይልቅ ወደ ድንጋዩ ጠጋ በሉና ባትሪውን ከጎን፣ ግድግዳውን ታክኮ እንዲያልፍ አድርጋችሁ ያዙት። ያኔ የተቀረጸው ፊደል ጥላ ይጥላል፤ የደበዘዘው ስም ቁልጭ ብሎ ይወጣል። እኔ እንዲህ ሳነብ አንድ የቤተሰብ ስም ሦስት ጊዜ ተከታትሎ አየሁ። እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ፎቶ ከፈለጋችሁ ፍላሹን አጥፉት፤ የሚያነሳው ጉሙን ነው። እርጥብ እብነ በረድ ክፉኛ ያንሸራትታል፣ ደረጃው ላይ ቀስ በሉ። የአበባ ጉንጉን የሚቀመጠው መሬት ላይ ስለሆነ እንዳትረግጡት እግራችሁ ስር እያያችሁ ተራመዱ።