የአልበሙን ዓመት አትመኑ

«የ1977 ሮክ» ዓይነት የሬዲዮ ፕሮግራም የምታዘጋጁ ካላችሁ (በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የማወራው)፣ ዘፈኑን አልበሙ በወጣበት ዓመት አትመድቡት። የኢግልስ «ሆቴል ካሊፎርኒያ» አልበም የ1976 ዲሴምበር ነው፤ ነጠላ ዜማው ግን የወጣውም፣ አሜሪካ ውስጥ አንደኛ የሆነውም በ1977 ነው። የኤሮስሚዝ «ድሪም ኦን» ይብሳል፦ በ1973 ወጥቶ ብዙም ሳይሰማ ቀረ፣ እንደገና ሲወጣ ግን በ1976 ቢልቦርድ (የአሜሪካ የዘፈኖች ደረጃ ሰንጠረዥ) ላይ 6ኛ ደረሰ። እኔ 1976 ውስጥ ነው የማስገባው፤ አድማጭ የሚያስታውሰው ያኔ የሰማውን ነዋ! «ነጠላ ብቻ» ካላችሁ ደግሞ የሌድ ዜፕሊን «ስቴርዌይ ቱ ሄቨን» ይቅርባችሁ፤ በ1971 አሜሪካ ውስጥ በነጠላ ለሽያጭ አልቀረበም። ስልካችሁ ላይ የምታዩት ዓመት ብዙ ጊዜ የሪማስተሩ (የድሮው ቅጂ ድምፁ ታድሶ እንደገና የወጣበት) ስለሆነ የሸክላውን ጽሑፍ እዩ።