ያረጀ ዴክ፦ ይጠገን ወይስ ፈርሶ ይሠራ?

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ቤት የገዙ ብዙ ወገኖቻችን ከቤቱ ጋር ሃያና ሠላሳ ዓመት ያስቆጠረ ዴክ፣ ማለትም ከቤቱ ውጭ የተዘረጋ የእንጨት ሰገነት፣ ተረክበዋል። ላዩ ሲሰነጣጠቅና ሲሻክር ቶሎ የሚታሰበው ጣውላውን ማስቀየር ነው። ውሳኔው ግን ከሥር ነው የሚጀምረው። የምንረግጠው ጣውላ ልብስ ነው፤ ሰውን የሚሸከመው ከታች ያለው አጽም ነው። በበሰበሰ አጽም ላይ አዲስ ጣውላ ማንጠፍ አደጋውን ከዓይን መሰወር ይሆናል፤ ገንዘቡም ይባክናል።

ተቋራጩም ሆነ የካውንቲው ኢንስፔክተር የሚጠቀሙባቸውን ስሞች ማወቅ ይጠቅማል። ሌጀር በቤቱ ግድግዳ ላይ የሚታሰረው ወፍራም ጣውላ ነው። ከእሱ ተነስተው ወደ ውጭ የሚዘረጉት አግዳሚዎች ጆይስት፣ ጆይስቶቹን በዳር በኩል የሚሸከመው ቢም፣ ቋሚው ፖስት፣ ከመሬት ሥር ያለው ኮንክሪት ደግሞ ፉቲንግ ይባላሉ።

ለምርመራው ስለታም ካቻቢቴ፣ የእጅ ባትሪ፣ ውሃ ልክና ሜትር ይበቃሉ። ካቻቢቴውን እንጨቱ ላይ ገፋ አድርጉት። ጤነኛ እንጨት አያስገባም፤ ቢፈነቀልም ረጅም ስንጣሪ ያወጣል። የበሰበሰው ግን ሩብ ወይም ግማሽ ኢንች ያለ ትግል ያስገባል፤ ሲፈነቀልም ይፈረካከሳል። በተለይ ከበሩ ሥር ያለውን ሌጀር፣ የጆይስቶቹን ጫፍና የላይ ጠርዝ፣ እንዲሁም ፖስቱ ኮንክሪት ወይም አፈር የሚነካበትን ቦታ ፈትሹ።

በዴኩና በቤቱ መካከል ክፍተት ታየ

ሌጀሩ ከግድግዳው መራቅ ከጀመረ ሌላውን ምርመራ ሳትጨርሱ ማንም ዴኩ ላይ እንዳይወጣ አድርጉ። ዴክ በድንገት ወድቆ ሰው ሲጎዳ ተደጋግሞ የሚገኘው ምክንያት የዚህ መጋጠሚያ መላቀቅ ነው።

በድሮ ዴኮች ሌጀሩ በሚስማር ብቻ ተመትቶ ይገኛል። ሚስማር ወደ ታች የሚጫነውን ክብደት ይችላል፤ ወደ ውጭ ለሚስበው ኃይል ግን አቅም የለውም። እንጨቱ በዝናብ ሲያብጥና በፀሐይ ሲኮማተር ቀስ በቀስ ይነቀላል። የሚያስፈልገው የግማሽ ኢንች ብሎን ከሮንዴላና ከዳዶ ጋር፣ ወይም የግማሽ ኢንች ላግ ስክሩ፣ ማለትም ያለ ዳዶ እንጨቱን ራሱ የሚነክስ ወፍራም ስክሩ፣ ነው። ጆይስቱ ከ10 እስከ 12 ጫማ የሚረዝም ከሆነ ላግ ስክሩ በየ15 ኢንች፣ አንዱ ከላይ ሌላው ከታች እየተፈራረቀ ይገባል። ሌጀሩና ከጀርባው ያለው የቤቱ እንጨት ጤነኞች ከሆኑ ይህ ጥገና ብቻውን ይበቃል።

ውሃ የገባበት ከሆነ ሥራው ይከብዳል። ከሌጀሩ በላይ ውሃ የሚያፈስሰው የታጠፈ ላሜራ፣ ማለትም ፍላሺንጉ፣ ከሌለ ወይም ከተቀደደ ዝናቡ በሌጀሩ ጀርባ እየሰረገ የቤቱን የወለል ጠርዝ እንጨት ሳይቀር ያበሰብሳል። በምድር ቤቱ ጣሪያ በኩል ገብታችሁ ያንን እንጨት ከውስጥ ፈትሹት። ጥገናው ዴኩን በጊዜያዊ ድጋፍ አቁሞ፣ ሌጀሩን አውልቆ፣ የበሰበሰውን ቆርጦ መተካት ነው። አዲሱ ፍላሺንግ ከሳይዲንጉ፣ ማለትም ከግድግዳው የውጭ ልባስ፣ ሥር ገብቶ የሌጀሩን ራስ መሸፈን አለበት። ተራ አሉሚኒየም አይሁን፤ እንዳይበሰብስ በኬሚካል በታከመው እንጨት ውስጥ ያለው መዳብ ይበላዋል።

በጣም የሚያታልለው የጡብ ግድግዳ ነው። በብዙ ታውንሃውስ የሚታየው ጡብ ከእንጨቱ ግድግዳ ፊት የቆመ ልባስ እንጂ ሸክም ተሸካሚ አይደለም፤ የዴክ ሌጀር እንዲታሰርበትም አይፈቀድም። የቱንም ያህል ብሎን ቢጨመር አያድነውም። መፍትሔው በቤቱ በኩልም ቢምና ፖስት ተተክሎ ዴኩ ራሱን ችሎ እንዲቆም ማድረግ ነው። ከቤቱ 5 ጫማ ሳይርቅ የሚቆፈር ፉቲንግ የቤቱ መሠረት ያረፈበት ጥልቀት ድረስ መውረድ እንዳለበት አትርሱ፤ ግድግዳውን ተጠግቶ ያለው አፈር ቤቱ ሲሠራ ተቆፍሮ የተሞላ ስለሆነ ይሰምጣል። ዴኩ ሌላም ችግር ካለበት፣ እዚህ ላይ ከጥገና ይልቅ አዲስ መሥራት ይሻላል።

ሰው ሲበዛ ወደ ጎን ይወዛወዛል

የተለመደው የቤት ዴክ ስሌት በአንድ ስኩዌር ጫማ 40 ፓውንድ የሰውና የዕቃ ክብደት ነው። 12 በ16 ጫማ የሆነ ዴክ፣ በትክክል ከተሠራ፣ 7,680 ፓውንድ እንዲችል ይታሰባል። ምርቃት ወይም ክርስትና ሲሆን ግን እንግዳው ዝም ብሎ አይቆምም፤ በጭፈራው ሁሉም በአንድ ምት ይነቃነቃል፤ ያኔ ሸክሙ ወደ ጎንም ይገፋል። የድሮ ዴኮች ይህን የሚይዝ ነገር ብዙ ጊዜ የላቸውም።

ከእያንዳንዱ ፖስት ወደ ቢሙ በ45 ዲግሪ ሰያፍ ድጋፍ በብሎን እሰሩ፤ ከማዕዘኑ በሁለቱም በኩል ቢያንስ 2 ጫማ ይራቅ። ከዚያ ጆይስቶቹን ከቤቱ የወለል አግዳሚዎች ጋር የሚያያይዙ ብረቶች ይግቡ፦ እያንዳንዳቸው 1,500 ፓውንድ የመሳብ ኃይል የሚችሉ ሁለት፣ ወይም 750 የሚችሉ አራት። ፖስቱ 4 በ4 ኢንች ሆኖ ረጅም ከሆነ በ6 በ6 ይተካ። ቢሙ በፖስቱ ጎን በብሎን ብቻ ተንጠልጥሎ ከሆነም አዲሱ ፖስት ጫፉ ተቀርጾ ቢሙ በላዩ እንዲያርፍ ይደረግ።

ሲረገጥ ይሰምጣል

በሁለት ጆይስቶች መካከል ብቻ የሚሰምጥ ከሆነ ጥፋቱ የጣውላው ነው፤ ያንን መቀየር ይበቃል። በጆይስቱ ትክክለኛ መስመር ላይ ከሰመጠ ግን አንድ ጣውላ አንስታችሁ የጆይስቱን የላይ ጠርዝ ተመልከቱ። ውሃ በየስክሩው ቀዳዳ ስለሚገባ ብስባሴው የሚጀምረው ከዚያ ነው። የጠርዙ ጉዳት ጥልቀት ከሌለው ተፍቆ፣ መዳብ ያለበት የእንጨት መከላከያ ተቀብቶ፣ አዲስ የታከመ ጆይስት ከጎኑ ይታሰራል። ጣውላው ከመመለሱ በፊት በጆይስቶቹ ራስ ላይ የቡታይል ቴፕ፣ ማለትም ውሃ የማያስገባ ተለጣፊ ጎማ፣ ለጥፉ፤ ርካሽ ነው፣ ዕድሜ ይጨምራል።

ጆይስቱን ከሌጀሩ ጋር የሚይዘው ብረት፣ ሃንገሩ፣ እንደ ቅርፊት እየተላጠ ከዛገ አይጠገንም፤ ይቀየራል። እስከ 2003 መጨረሻ ድረስ የቤት ዴክ በብዛት የሚሠራው በአርሰኒክ በታከመ እንጨት ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጡት ማከሚያዎች መዳባቸው ስለሚበዛ ተራውን ሚስማርና ብረት ቶሎ ይበላሉ። ስለዚህ በቀለጠ ዚንክ የተነከረ ወይም ስቴይንለስ ግዙ፤ ሃንገሩና ሚስማሩም አንድ ዓይነት ይሁኑ። ለሃንገሩ የተመደበውን ሚስማር አምራቹ ባዘዘው ቀዳዳ ሁሉ ምቱ። የጂፕሰም ስክሩ ፈጽሞ አይግባ፤ ተሰባሪ ነው።

አንዱ ጥግ ወርዷል ወይም ተነስቷል

በጥልቀት ያልተቆፈረ ፉቲንግ በብርድ ወራት ሥሩ ያለው አፈር በረዶ ሲሠራ ወደ ላይ ይገፋል፤ ሲቀልጥ ይሰምጣል። የሚፈለገው ጥልቀት በፌርፋክስ ካውንቲ 24 ኢንች፣ በሞንትጎመሪ ካውንቲ 30፣ በሚኒያፖሊስ 42 ነው። ከፖስቱ አጠገብ ቆፍራችሁ ለኩ። ከመቆፈር ጥቂት የሥራ ቀናት ቀደም ብላችሁ 811 ደውሉ፤ የጋዝና የመብራት መስመር በነፃ ያመላክታሉ። የአንድ ፖስት ችግር ከሆነ ቢሙን በጃክ ደግፎ አዲስ ፉቲንግ ማፍሰስ ይቻላል። ሁሉም ጥልቀት ከጎደላቸው ጥገናው አያዋጣም።

መደገፊያው ይነቃነቃል

ዴኩ ከመሬት ከ30 ኢንች በላይ ከሆነ መደገፊያው ቢያንስ 36 ኢንች ይቁም፤ በመካከሉም የ4 ኢንች ኳስ አይለፍ። የሕፃን ራስ እንዳያልፍ ነው። የመደገፊያው ቋሚ በሚስማር ተይዞ ከሆነ በብሎንና ለዚሁ በተሠራ ብረት እሰሩት። ለዚህ ብሎ ዴክ ማፍረስ አያስፈልግም።

እንግዲህ ምን ይወሰን?

ሌጀሩ፣ ቢሙ፣ ፖስቶቹና ፉቲንጎቹ ጤነኞች ሆነው የተበላሹት ጆይስቶች ከአምስት አንድ ካልበለጡ ጠግኑ። ከሌጀር፣ ከፖስትና ከፉቲንግ ሁለቱ ከተበላሹ አፍርሱ፤ እየቆራረጡ ማደስ ተደምሮ ከአዲስ አያንስም። በመካከል ላይ ከሆናችሁ የምታነጥፉት ጣውላ ይወስነው። ኮምፖዚት፣ ማለትም ከእንጨት ብናኝና ከፕላስቲክ የተሠራ ጣውላ፣ ከሆነ ጆይስቶቹ በየ16 ኢንች፣ በሰያፍ ከተነጠፈ በየ12 መሆን አለባቸው። የድሮው ዴክ ጆይስት በየ24 ከሆነ በመካከሉ ሌላ ይጨመራል፤ ኮምፖዚት ደግሞ ከእንጨት ስለሚከብድ ቢሙና ፉቲንጉ እንደገና ይሰላ። ውድ ጣውላ በሚያረጅ አጽም ላይ አታስሩ።

አጽሙን ለመንካት አብዛኛውን ጊዜ የካውንቲ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የማኅበር ደንብ ባለበት ሰፈርም የማኅበሩ ይሁንታ ይቀድማል። የተቋራጩን ፈቃድ ቁጥር በሜሪላንድ ከቤት ማሻሻያ ኮሚሽኑ (ኤምኤችአይሲ)፣ በቨርጂኒያ ከሙያ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ (ዲፒኦአር) አረጋግጡ። በሜሪላንድ ሕግ ተቋራጩ ቀብድ አድርጎ ከጠቅላላው ዋጋ ሲሶ በላይ መቀበል አይችልም።

ካፈረሳችሁ እንጨቱን አታቃጥሉ፤ ጭሱም አመዱም መርዝ አለው። ለአትክልት መደብ አጥርም አይሁን። የካውንቲው የቆሻሻ መቀበያ ጣቢያ የታከመ እንጨት የሚረከብበትን ሁኔታ ጠይቃችሁ ወደዚያ ውሰዱት።